ፊሊዳ ጃፍታ ያቆመችበት መታጠፊያ

ፊሊዳ ጃፍታ የዚያን ቀን ጠዋት ሸሚዟን ሦስት ጊዜ ተኮሰችው። ሸሚዙ አዲስ ነው፤ ደረቱ ላይ የአስጎብኚ ድርጅቱ ምልክት፣ ከምልክቱ በታች ደግሞ ስሟ ተጠልፎበታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎች ስታጸዳ በለበሰችው ሰማያዊ ሽርጥ ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር። እንግዶቹም ትዝ ስትላቸው «አንቺ» ነበር የሚሏት። በሃምሳ አንድ ዓመቷ ስሟን በክር ተጠልፎ ስታየው መስተዋት ፊት ቆማ እንደ ኮረዳ ሳቀች።

ጉልበቷ አልቋል። ተንበርክኮ ወለል መወልወል ጉልበት ይበላል፤ ያልሠራው አያውቀውም። ሁለት ዓመት ከሥራ መልስ ተምራ፣ አንዴ ወድቃ፣ እንደገና ተፈትና የአስጎብኚነት ወረቀቷን አገኘች። የቀራት ያ አንድ ቀን ብቻ ነው። ስምንት እንግዶች በነጭ ሚኒባስ ጭና፣ ራሷ እየነዳች ራሷ እያወራች፣ ከኬፕታውን ተነሥታ በባሕሩ ዳር መንገድ እስከ ምድሩ ጫፍ ወስዳ በሰዓቱ መመለስ። ዘጠነኛዋ ተሳፋሪ ግን እንግዳ አይደለችም። ሲሲ ኖሉታንዶ ትባላለች፤ ሲሲ «እህቴ» እንደ ማለት ነው፤ ድርጅቱ የላካት ገምጋሚ ናት። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሃያ አራት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ጭኗ ላይ ዘርግታለች።

የድርጅቱ አለቃ ነገሩን አላድበሰበሰውም። «ካለፍሽ ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ» አላት። «ከወደቅሽ ግን ሁለተኛ አንጠራሽም። በራችንን የሚያንኳኳ ወጣት ሞልቷል።» ቋሚ ካልሆነች ደግሞ የት እንደምትመለስ ፊሊዳ ታውቀዋለች። ባልዲው እንዳለ ነው፣ ወለሉም እንዳለ ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ እንግዶቿን ከየሆቴላቸው ለቀመች። ከፊት የተቀመጡት ማዳም ቦላንሌ ናቸው፤ ስድሳኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ከሌጎስ የመጡ፣ ድምፃቸው ብቻ መኪና የሚሞላ ሴት። ራሳቸው ላይ ብርቱካናማ ሻሽ ጣራ እስኪነካ ቆልለዋል።

«እህቴ፣ መስኮት እንዳትከፍቺብኝ!» አሉ ገና ከመሳፈራቸው። «ይህን ሻሽ ለማሰር አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል።»

ከእሳቸው ኋላ ሄር ክላውስ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በጀርመን ባቡር ጣቢያ የፈጁ ጡረተኛ። የጉዞውን ሰሌዳ አሳትመው አጣጥፈው ይዘዋል።

«ፔንግዊኖቹ ጋ አራት ከአርባ» አሉ ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ ተክለው።

«አራት ከአርባ፣ ጌታዬ።»

«አርባ አንድ አይደለም?»

«አርባ አንድማ ውርደት ነው!» ስትል መኪናው በሳቅ ተናጋ። ከኋላ ሲሲ ኖሉታንዶ እስክሪብቶዋን አንሥታ የሆነ ነገር ምልክት አደረገች፤ ፊሊዳ በመስተዋቱ አይታ «አንዷን አለፍኳት» አለች በሆዷ።

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን ጠዋት አፏ ተፈታ። ሙዘንበርግ ደርሰው ባሕሩ በቀኝና በግራ ሳይሆን ልክ ከፊታቸው ድንገት ሲዘረጋ ስምንቱም በአንድ ድምፅ «ኡ!» አሉ፤ ማዳም ቦላንሌማ አጨበጨቡ። ፊሊዳ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣው ነፋስ ነገረቻቸው። «ዶክተሩ እንለዋለን» አለች። «ከተማዋን አጥቦ፣ ጭሱን ጠርጎ ይሄዳል። ሳንቲም አይጠይቅም። አንዳንዴ ብቻ ባርኔጣ ይወስዳል።» ማዳም ቦላንሌ በሁለት እጃቸው ሻሻቸውን ያዙ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አልጋ ስታነጥፍ ይህ ሁሉ ወሬ የት ተቀምጦ ነበር? እሷም ገርሟታል። ደስታው እግሯ ድረስ ወርዷል፤ እግሯ ነዳጅ መስጫው ላይ ባይሆን ኖሮ መሬቱን በደበደበችው ነበር።

ከሙዘንበርግ በኋላ መንገዱ የተራራውን ወገብ ይዞ ይሄዳል። ከታች የባቡር ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ቀጥሎ ብላውክሊፕ የምትባል ትንሽ አሸዋማ ዳርቻ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ብቻ ነው። አሸዋው ላይ አንዲት አረንጓዴ ጀልባ በአፍጢሟ ተደፍታለች፤ ዙሪያዋን ወንዶች ተኝተዋል። ፊሊዳ ወደዚያ ላለማየት አንገቷን አቀናች። ጀልባዋ የወንድሟ ናትና።

አባታቸው ሃንስ ጃፍታ አርባ ዓመት የተራራ ዓይን ነበር። የእኛ የብላውክሊፕ ሰዎች መረብ በዘፈቀደ አይጥሉም። አንድ ሰው ተራራው ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ይጠብቃል፤ የዓሣ መንጋ ሲገባ በጨርቅ ምልክት ይሰጣል፤ ጀልባዋ እሱ ወዳላት ትቀዝፋለች። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሺህ ዓሣ አጠገቡ ቢያልፍ አያይም። ፊሊዳ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የአባቷን ምሳ ተራራው ላይ ታደርስ ነበር፤ ምሳውን አድርሳ ግን አትመለስም። ጎኑ ቁጭ ብላ ማየት ተማረች።

«ባሕሩ ላይ ሦስት ዓይነት ጥላ አለ» ይላት ነበር። «ንቅንቅ የማይለው የባሕር ሣር ነው። ነፋስ የሚታዘዘው የደመና ነው። ነፋስን እምቢ ብሎ የሚሄደው የእኛ ነው።»

አንዱን ትምህርት ደግሞ በኩርኩም ነበር ያስተማራት፦ መንጋ ላይ ጣት አይቀሰርም። ጣት የተቀሰረበት መንጋ ይበተናል። ማሳየት የፈለገ እጁን ጨብጦ በጭብጡ ያሳያል። ብላውክሊፕ ላይ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ይህን የሚዘነጋ ካለም እናቱ ፊት በጥፊ ይባላል፣ እናቱም «አበጀህ» ትላለች።

ሃንስ ከሞተ አራት ዓመቱ። መንደሩ ሁሉ ቦታው የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ፣ ሁላችንም ቡታ ፍሪክ፣ ማለትም ወንድም ፍሪክ፣ የምንለው የጀልባዋ አለቃ፣ ግን ተራራውን ለሚስቱ ወንድም ለኮቡስ ሰጠው። «ሴት ተራራ ላይ ተቀምጣ ሃያ ወንድ ልታዝ? ሰው ምን ይለኛል?» አላት። «ዓይን ቀሚስ ይለብሳል እንዴ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንገት ከመነቅነቅ በቀር አልተነጋገሩም። ኮቡስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይን ግን አልፈጠረበትም። ያን ሰሞን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀልባዋን ለደመና ሲያስቀዝፋት ከረመ።

እንግዲህ ፊሊዳ ለመርከቦች ስለሚያበራው መብራት ቤት እያወራች ነው። «ይህ መብራት ቤት ሲሠራ ድንጋዩ የመጣው በጀልባ ነው፤ ሠራተኞቹ ደግሞ...»

ወሬዋን አቋረጠች።

«ሠራተኞቹስ?» አሉ ሄር ክላውስ።

ወደ ባሕሩ ከወጣው የአለት አፍንጫ ኋላ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ብቻ በሚታየው ውኃ ላይ፣ ሐምራዊ ጥላ ተኝቷል። ነፋሱ ወደ ሰሜን ይነፍሳል። ጥላው ወደ ደቡብ ይሄዳል። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ያህላል። ፊሊዳ ወደ ላይ ቀና ብላ ተራራውን አየች፤ ኮቡስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ ድንች ጥብስ የታጨቀበት ክንድ የሚያክል ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ፣ ፀሐይ የምታብለጨልጭበትን ተቃራኒውን ባሕር ያያል። አለቱ ጋርዶታል። መንጋው በአሥር ደቂቃ ውስጥ አሸዋውን ታክኮ ያልፋል፤ ካለፈ አለቀ።

መታጠፊያውን አለፈችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለፈችው። «አይመለከተኝም» አለች በሆዷ፤ «ስሜ እዚህ ደረቴ ላይ ተጠልፏል፤ ሰኞ ቋሚ ነኝ፤ ፍሪክ የራሱን ዓይን ራሱ መርጧል፤ እዚያው ከዓይኑ ጋር ይጹም።» ሃምሳ ሜትር ያህል ሄደች። ከዚያ እጇ፣ እሷ ሳታዘው፣ መሪውን ወደ ጠርዙ ጠመዘዘው።

«እዚህ እኮ ማቆሚያ አይደለም!» አለች ሲሲ ኖሉታንዶ ከኋላ።

«አውቃለሁ፣ ሲሲ።»

«ቅጹ ላይ አሥራ አንደኛው ጥያቄ ነው!»

«እሱንም አውቃለሁ!» ፊሊዳ በሩን ከፍታ ወርዳለች። እንግዶቹም ሲሲ ኖሉታንዶም ተከትለዋት ግር ብለው ወረዱ፤ ምን እንደሆነ የገባው ባይኖርም የሆነ ነገር እንደሆነ ግን ሁሉም ገብቶታል። ያ ያለቀለት ጉልበቷ ወደ መታጠፊያው ሮጠ። አጠር ያለው የድንጋይ ግንብ ላይ እንዴት እንደወጣች እስከ ዛሬ አታውቅም።

«ምንድነው? የት?» አሉ ሄር ክላውስ። ከዚያም ጥላውን አዩት። «ያ! ያ ምንድነው?» ብለው ረጅሙን ጣታቸውን ባሕሩ ላይ ቀሰሩ።

ፊሊዳ ዞር ሳትል እጃቸውን ጧ አድርጋ መታችው።

የተማረች፣ የተፈተነች፣ ወረቀት የያዘች አስጎብኚ ከፍሎ የመጣ እንግዳዋን መታች። የሲሲ ኖሉታንዶ እስክሪብቶ ቅጹ ላይ ሲሄድ ተሰማ።

«ጣት አይቀሰርም!» አለች ፊሊዳ፣ ይቅርታ ማለት እንኳ ረስታ። «ይጨብጡት! በጭብጥ!» ሄር ክላውስ እንደ ተማሪ እጃቸውን ጨበጡ። «ጨርቅ! ጨርቅ ስጡኝ፤ ትልቅ፣ የሚታይ!»

ሁሉም ማዳም ቦላንሌን አየ።

«አይሆንም» አሉ ማዳም ቦላንሌ። «አርባ ደቂቃ!»

«እማማ፣ ከታች ያሉት ሰዎች ሦስት ሳምንት ባዶ እጃቸውን ገብተዋል። ወንድሜ ነው።»

«ወንድምሽ?» ሴትዮዋ ባሕሩን አዩ፣ ፊሊዳን አዩ። «ይኸንን ቀድመሽ አትናገሪም!» ብለው ሻሻቸውን መንጭቀው ሰጧት። ብርቱካናማው ጨርቅ በዶክተሩ ነፋስ ተዘርግቶ ተራራውን ሞላው።

መጀመሪያ የሆነው የሚያስቅ ነው። ከታች የሚዋኙ ሰዎች ጨርቁ የሻርክ ማስጠንቀቂያ መስሏቸው «ሻርክ! ሻርክ!» እያሉ ተራግጠው ወጡ። እሰይ፣ ውኃው ጸዳ። ቀጥሎ አሸዋው ላይ ከተኙት አንዱ ቀና አለ። ከዚያ ሁለተኛው። ፊሊዳ ጨርቁን ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወዘወዘችና ሁለቱንም እጇን አነሣች፦ ጀልባ ይውጣ! ቀኝ እጇ ሽቅብ ተዘረጋ። ግራዋ ግን ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ግራ ትከሻዋ ጤነኛ ነው። አባቷ ነበር በወጣትነቱ ከመርከብ ወድቆ ግራ እጁን ከጆሮው በላይ ማንሣት የማይችለው፤ እሷም ከእሱ አይታ ስለተማረች ምልክቱ እንዲያ ብቻ እንደሚሰጥ ነው የምታውቀው።

ከታች ቡታ ፍሪክ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ሽቅብ አየ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከቀዛፊዎቹ አንዱ በኋላ ሲያወራ «ሽማግሌው ከመቃብር የተነሣ መስሎኝ ነበር» ብሏል። ፍሪክ ግን ማን እንደሆነች ወዲያው ነው የገባው። «ወደ ውኃ!» ብሎ ሲጮኽ ድምፁ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ።

ጀልባዋ ማዕበሉን ሰንጥቃ ወጣች። «ቀኝ! ቀኝ! ቀስ!» ትላለች ፊሊዳ፤ የሚሰማት ባይኖርም ጨርቁ ይሰማል። እንግዶቹ ግንቡ ላይ ተደርድረው ጀልባዋን በዓይናቸው ይከተላሉ። ጥላው ዘወር አለ። ፊሊዳ ጨርቁን አወረደች፤ ጀልባዋ ቆመች። «ጠብቁ፣ ልጆቼ፣ ጠብቁ፣ አትንኩት...» ጥላው ተመለሰ። ጨርቁን ከራሷ በላይ አሽከረከረችው፤ መረቡ ከጀልባዋ ኋላ እየተፈታ ግማሽ ክብ ሠራ። ጥላው ክቡ ውስጥ ገባ። ጨርቁን መሬት ላይ ጣለችውና «ዝጉት!» ብላ ጮኸች።

ውኃው ፈላ። ቢጫ ጅራቶቹ በፀሐይ ብልጭ ብልጭ ሲሉ ማዳም ቦላንሌ ሄር ክላውስን አንቀው ሳሟቸው። ሰውየው ምንም አልተቃወሙም፤ ጭብጣቸውን ወደ ባሕሩ እንደዘረጉ ናቸው።

ፊሊዳ ከግንቡ ስትወርድ ሰዓቷን አየች። አራት ከሠላሳ ስምንት። «በሉ፣ ተሳፈሩ» አለች፤ ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር።

«ወዴት?» አሉ ማዳም ቦላንሌ።

«ፔንግዊኖቹ ጋ።»

«ፔንግዊን የትም አይሄድም! ያን የመረብ ገመድ የሚስበው ማን ነው? አታዪም፣ ሰው አንሷቸዋል!» ብለው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ አሸዋው የሚያወርደውን ደረጃ መውረድ ጀመሩ። ሰባቱም ተከተሏቸው። አስጎብኚ እንግዶቿን ጥላ የት ትሄዳለች?

ብላውክሊፕ ላይ ገመዱን የነካ ሁሉ ዓሣ ይሰጠዋል፤ ከየትም ይምጣ። አንድ ሰዓት ያህል ሳቡ። ሄር ክላውስ ካልሲያቸው ጨው ጠጥቶ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ፣ በራሳቸው ቋንቋ «አንድ፣ ሁለት!» እያሉ ሃያ ዓሣ አጥማጅ ያዛሉ። ሲሲ ኖሉታንዶ ቅጿን በብብቷ ይዛ ደረቁ አሸዋ ላይ ቆማ ነበር። መረቡ ሊወጣ ሲል ገመዱ ወደ ኋላ ጎተታቸው፤ ያን ጊዜ «ኧረ በሞቴ!» ብላ በአንድ እጇ ያዘች። በሌላው ቅጿን አልለቀቀችም።

መረቡ ሲዘረጋ ሁሉም ዙሪያውን ከበበ። ዓሣ ከመከፋፈሉ በፊት፣ ለጀልባዋ ሳይሆን፣ ለአለቃው ሳይሆን፣ መጀመሪያ የዓይን ድርሻ ይወጣል፤ የዓይኑ ጨርቅ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፍሪክ ከሁሉ ትልቁን በሁለት ክንዱ ታቅፎ ሲመጣ ኮቡስም ከተራራው ወርዶ ደርሷል፤ ዳቦው አሁንም እጁ ላይ ነው። ፍሪክ በአጠገቡ አለፈ። ፊሊዳ ፊት ተንበርክኮ ዓሣውን በብርቱካናማው ሻሽ ላይ አኖረው።

«ሻሼ ላይ?» አሉ ማዳም ቦላንሌ እሪ ብለው። ከዚያ የወንድምየውን ፊት አዩ። «ተዉት» አሉ ቀስ ብለው። «ይሁን፣ ይተኛበት።»

«ግራ እጅሽ» አለ ፍሪክ። የስልሳ ዓመት ሰው እንባውን በረጠበ እጅጌው ጠረገ። «ነገ ነፋሱ ይዞራል፤ ፀሐይ ሳትወጣ ተራራው ላይ...»

«ነገማ ሥራ አለኝ፣ ቡታ» አለችው ፊሊዳ። ሥራ እንደሌላት ግን ያኔውኑ ጠርጥራለች።

የቀረውን መንገድ እየዘፈኑ ሄዱ፤ መኪናው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ፔንግዊኖቹ ጋ ሲደርሱ መግቢያው ተጨናንቆ በአጥር ላይ ብቻ አዩአቸው። «ትንንሽ ናቸው» አሉ ሄር ክላውስ፣ ዓሣቸውን እንደታቀፉ። ማታ ከሆቴሎቻቸው ደጅ ሲለያዩ ማዳም ቦላንሌ ሻሹን አጣጥፈው ፊሊዳ እጅ ላይ አስቀመጡት። «እኔ ጋማ ከእንግዲህ ጌጥ ብቻ ነው» አሏት።

መኪናው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሲሲ ኖሉታንዶ ወደ ፊት ወንበር መጣች። «አልዋሽሽም» አለች። «ክልክል ቦታ ላይ ማቆም። እንግዳ መምታት። ሰሌዳውን በሰዓት ተኩል ማፍረስ። ስለ ወሬሽ አልጠየቅሽኝም እንጂ በወሬውማ አንደኛ ነሽ። ግን ይህ ቅጽ ነው፣ ለእኔም እንጀራዬ ነው። ወድቀሻል።»

«ልክ ነሽ፣ ሲሲ» አለች ፊሊዳ።

አለቀሰች? አለቀሰች እንጂ! ስሟ የተጠለፈበትን ሸሚዝ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ስትመልስ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው። ሁለት ዓመት የተማረችው፣ ያ ሁሉ ተስፋ፣ እንዲሁ የሚረሳ አይደለም። በማግሥቱ ግን ፀሐይ ሳትወጣ ተራራውን ስትወጣ አየናት። ድንጋዩ ላይ የአባቷ አሮጌ ጨርቅ በጠጠር ተይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ፍሪክ ሌሊቱን ወጥቶ ያኖረው። ኮቡስ ዛሬ ገመድ ይስባል፤ ክንዱም ለዚያ ነው የተፈጠረው።

ይህ ከሆነ ሁለት በጋ አለፈ። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ረፋድ ላይ ፊሊዳ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ስታይ ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች። ያ ነጭ ሚኒባስ ነው፤ መታጠፊያው ጋ ቆሟል። መንገዱ እዚያ ላይ ሰፍቶ ማቆሚያ ተሠርቶለታል። አዲሱ አስጎብኚ ስምንት እንግዶች ግንቡ ላይ አሰልፎ የሆነ ነገር ያስረዳል። ከኋላቸው ቅጽ የያዘች ሴት ወርዳ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ተራራው ጮኸች።

«ፊሊዳ! ሰሌዳው ላይ ገብተሻል! አራት ከሩብ፣ የፊሊዳ መታጠፊያ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ!»

ፊሊዳ ድምፁን አወቀችው። ከሳቋ ጋር እየታገለች ብርቱካናማውን ሻሽ አንሥታ ወዘወዘችላት፤ ግራ እጇ ጆሮዋ ጋ ቆመ። ልክ ያን ጊዜ ከአለቱ አፍንጫ ኋላ ሐምራዊ ጥላ ብቅ አለ፣ ነፋሱን እምቢ ብሎ። አስጎብኚው ቀድሞ ነግሯቸው ኖሮ ስምንቱም የሰው አገር ሰዎች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ጨብጠው ጭብጣቸውን ወደ ባሕሩ ዘረጉ። ፊሊዳ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣችና ጀልባዋን ጠራች።